የመቀሱ ጽጌረዳ

ሰፈሩ ሁሉ «መቀሱ» ይለዋል። ዕድሜ ልኩን የሰው ጠጉር ሲያስተካክል ስለኖረ ብቻ አይደለም፤ እጁ አያርፍም። የተመዘዘ ክር ያየበትን ኮት፣ የሰው ይሁን የራሱ፣ ሳያስፈቅድ ይቆርጣል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች፣ «ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የምዳብሰው ጆሮዬን ነው» እያለች ጎረቤት ታስቅ ነበር። አሁን እሷም የለች፣ የሚስቅም የለም።

በራቸው ላይ እሷ የተከለችው ጽጌረዳ ነበር። አከራዩ አጥር ሊያሠራ ብሎ ከነሥሩ አስነቀለው። መቀሱ ከተጣለው ክምር ጥቂት እንጨት ቆርጦ በወተት ጣሳ ተከለ። ልጅ አልወለዱም፤ ከእሷ የቀረ ነፍስ ያለው ነገር ቢኖር ያ ብቻ ነው። እንጨቶቹም አላሳፈሩትም፤ ሥር ሰደዱ፣ ቅጠል አወጡ። ሰውዬው ከደስታው ብዛት ጣሳዎቹን ከመኝታ ቤት አውጥቶ ቀትር ፀሐይ ላይ ደረደራቸው። ከሥራ ሲመለስ ቅጠሉ ግማሽ በግማሽ አሮ ጠበቀው።

መንገድ ዳር ችግኝ የምትሸጠውን የሚስቱን ታናሽ እህት ጠርቶ አሳያት።

«የተቃጠለውን ልቁረጥለት እንጂ፤ ሲያዩት ያስጠላል» አላት።

«ያስጠላ፤ ልትድረው ነው እንዴ ጋሼ? አረንጓዴው ግማሽ ነው ሥሩን የሚመግበው። ጥላ ውስጥ አስገባውና ተወው። አዲስ ሲያወጣ አሮጌው ራሱ ይረግፋል።»

«ጠጉር ሲቆረጥ አይደል የሚወፍረው?»

«እሱን ለደንበኞችህ ንገራቸው። የዚህ ሥር ገና ክር ነው። እጅህን ሰብስብ።»

እሺ አለ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ክብደቱ የመጣው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ጣሳዎቹን መኝታ ቤት መልሶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያረረውን ቅጠል ሲያይ ይውላል። ሚስቱ የታመመች ጊዜም ሐኪሞቹ «ጠብቅ» ነበር ያሉት። ጠበቀ፤ እጁን አጣጥፎ ጠበቀ፤ ሞተችበት። ዛሬ ደግሞ ጠብቅ ተባለ።

መቀሱን አነሳ። ያረረውን ጠርዝ ብቻ ነበር ያሰበው። አንዱን ሲከረክም ሌላው ተንጋደደበት፤ ያንን ሲያስተካክል ፊተኛው ረዘመ። የቀኙን የጆሮ ሥር ጠጉር ከግራው ለማስተካከል ሲል ሁለቱንም ያጠፋባቸው ደንበኞች ነገሩን ያውቁታል። ለእነሱ ይበቅልላቸዋል። ጣሳዎቹ ውስጥ ግን መላጣ እንጨት ብቻ ቀረ። ደንግጦ ውሃ አበዛበት።

የሚስቱ እህት ስትመለስ እንጨቶቹ ከጫፍ እስከ ታች ጠቁረዋል። አንዱን ሳብ ብታደርገው ያለ ምንም ትግል መጣላት፤ ሥሩ በስብሷል። ሌሎቹም እንደዚያው። ትቆጣኛለች ብሎ ጠበቀ፤ አልተቆጣችም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«ግድ የለም» አለችው ቀስ ብላ። «እህቴ እጇ ሰጪ ነበር፤ ለአንዷ ጎረቤት ቅርንጫፍ ሳትሰጥ አትቀርም። ዞሬ እጠይቃለሁ።»

«አትልፊ። ማንም ዘንድ የለም።»

«በምን አወቅህ?»

«ቅርንጫፍ ሊለምኗት የሚመጡትን ከበር የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ዛፉን ያራቁቱታል ብዬ።»

ሴትዮዋ ጣሳውን መሬት አስቀመጠች፣ እጇን ከአፈሩ አራገፈች፤ ደህና ዋልም ሳትለው ወጣች።