የነጣው ቁልቁለት

መኪና መንዳት የተማርኩት አዳማ ነው። አገሩ ሜዳ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አስፋልቱም ቀጥ ያለ ነው። መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁ ቀን ከዚህ በኋላ የሚያቅተኝ መንገድ ያለ አልመሰለኝም። በመምህርነት ተመድቤ ቢቸና ስመጣም ይህንኑ ጉራ ይዤ፣ ያረጀች ዲኤክስ መኪናዬን እየነዳሁ ነው የመጣሁት። የቢቸና ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ጫማ ከእግር ያወልቃል። እኔ ግን በእግር አሥር ደቂቃ የማይፈጀውን የትምህርት ቤት መንገድ በመኪና ካልሄድኩ እያልኩ፣ በአንድ ሰኔ ሁለት ጊዜ ተማሪዎቼ ከጭቃ ገፍተው አወጡኝ። በሦስተኛው ጊዜ አንዷ ተማሪ፣ "ቲቸር፣ በእግርዎ ቢሄዱ አይሻልም?" አለችኝ። ተቆጣኋት። እውነቱን የሚነግረኝን ሰው ሁሉ መቆጣት በዚያን ጊዜ ልማዴ ነበር።

ባለቤቴ የሞጣ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ልጃችንን ስታረግዝ የት እንደምትወልድ ማንም አልጠየቀኝም፤ በዚያ አገር የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ወሩ እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ሐኪሟ ልጁ በሆዷ ውስጥ እንደተጋደመ ነገራት። "ካልዞረ በኦፕራሲዮን ነው የምትወልጂው። ምጥ ሳይጀምርሽ ሞጣ ግቢና ሆስፒታሉ አጠገብ ሆነሽ ጠብቂ" አላት። እሷ ስትወጣ እኔን አስቀርቶ፣ ምጡ መንገድ ላይ ከያዛት ሁለቱንም ልናጣ እንደምንችል ነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ራቀኝ።

ፍልሰታ እንደገባ አባቷ ሊወስዷት ከሞጣ በአውቶብስ መጡ። አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኤን ትሬ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ጉልበታቸው ፍሪሲዮን መርገጥ ሲያቅተው መንዳት ያቆሙ ሰው ናቸው። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ንግግራቸው ደግሞ ከቁመታቸው ያጥራል። ይዘውት የመጡት ከረጢት ስለከበደኝ ለልጃቸው ማር ያመጡ መስሎኝ ነበር። ስከፍተው ከወይራ የተጠረቡ፣ ከዘመን ብዛት የጠቆሩ ሁለት ታኮዎች ናቸው፤ መኪና ሲቆም እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚገቡት እንጨቶች።

"አባባ፣ ታኮ በአውቶብስ ጭነው መጡ?" ብዬ ሳቅሁ።

እሳቸው አልሳቁም። ልጃቸውን በማግስቱ በአውቶብስ ሊወስዷት አስበው ነበር። እኔ ግን ባል እያለ፣ መኪና እያለ፣ ሚስቴ በአውቶብስ አትንገላታም ብዬ ድርቅ አልኩ። ወጡና የመኪናዬን ጎማዎች አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ዳሰሷቸው።

"መላጣ ናቸው" አሉ።

"ገና ናቸው አባባ፣ ይሠራሉ!"

ታኮዎቹን፣ አንድ አካፋና አንድ ባዶ ጆንያ ከኋላ ጫኑ። 

አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። እኚህን ሰው እፈራቸው ነበር። ከተማ ያደግኩ፣ ጾም በቅጡ የማልጾም፣ ልጃቸውን ከየት መጣ ሳይባል ያገባሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ እሳቸው አጠገቤ በተቀመጡ ቁጥር እምነቴን ማሳየት ያምረኛል። በምሥራቅ ጎጃም ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሳያዩ ሩቅ መሄድ አይቻልም። አንድ ደጅ ባለፍን ቁጥር ቀኝ እጄን ከመሪው አነሳና አማትባለሁ፤ ከአንገቴም ዝቅ እላለሁ። በጎን ዓይኔ ግን አማቴን ነው የማየው። እሳቸው ፊት ለፊታቸውን መንገዱን እያዩ ይቀመጣሉ እንጂ ጣታቸውን እንኳ አያነሱም። ቅዳሴ ሳያልቅ ውኃ የማይቀምሱ ሰው፣ መኪና ውስጥ ሲሆኑ ታቦት እንደሌለ ዝም ብለው ያልፋሉ። ሲገርመኝ ኖሮ በኋላ ያናድደኝ ጀመር።

በማግስቱ ጠዋት ተነሳን። ሚስቴ ከኋላ ትራስ ተደግፋ፣ አማቴ ከጎኔ። ዋናውን መንገድ አንድ ቦታ ላይ ጎርፍ ስለቆረጠው በተለዋጩ የጠጠር መንገድ ገባን። መጀመሪያ ጉም ነበር። ጉሙ ሲገፈፍ ፀሐይ ወጣች፤ እኔም ማፏጨት ጀመርኩ። ከዚያ ከጮቄ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረና ማፏጨቴ ሳያልቅ በረዶ ወረደ።

"ቁም" አሉኝ አማቴ።

ቆምኩ። የመኪናዋ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ጩኸት ሦስታችንንም አደነቆረን። ሚስቴ አንድ ነገር ትናገራለች፤ አፏ ሲንቀሳቀስ በመስታወቱ አያለሁ እንጂ አልሰማትም። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ሲያበቃ በአንድ ጊዜ አበቃ።

በሩን ከፍቼ ስወጣ የማውቀው አገር አልነበረም። መንገዱ ነጭ፣ ማሳው ነጭ፣ ስንዴው መሬት ላይ ተኝቶ ከበረዶው በታች ጠፍቷል። የባሕር ዛፎቹ ቅጠል ረግፎ አየሩን ሽታው ሞልቶታል። የሚጮህ ወፍ የለም፤ የሚነፍስ ነፋስ የለም። ከነጩ መሬት ላይ ቀጭን እንፋሎት ይነሳል። እኔ በረዶ ያየሁት በእፍኝ ነበር፤ ምድርን ሙሉ እንዲህ ሲያለብሳት አይቼ አላውቅም። እንባዬ መጣ። ከፍርሃት ብቻ አልነበረም። ሚስቴ በመስኮቱ እጇን አውጥታ ከጣሪያው ላይ አንድ እፍኝ ዘገነችና ሆዷ ላይ አደረገችው።

"ተንቀሳቀሰ!" አለች እየሳቀች። "በረዶውን አወቀው!"

አማቴ ግን ቁልቁል ወደ ወንዙ ነበር የሚያዩት። "ግባ። ይኸ ሲቀልጥ ወንዙ ይሞላል፤ ያን ጊዜ መሻገር የለም። ዛሬ ካልተሻገርን መቼ እንደምንሻገር አይታወቅም" አሉ። ሚስቴ ላይ ዓይናቸው ሲያርፍ ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። መደነቄ በአንዴ ጠፋ።

በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብለን ቀጠልን። ቁልቁለቱ አናት ላይ፣ መንገዱ ወደ ግራ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሊያስቀድሱ የመጡ ሴቶች ደጀ ሰላሙ ሥር ተጠልለዋል። እኔ ከድንጋጤዬ ገና አልወጣሁም፤ እጄ ግን ልማዱን አልረሳም። ቀኝ እጄን አንስቼ አማተብኩ። ዝቅ አልኩ።

ቀና ስል መንገዱ ፊት ለፊቴ የለም። መኪናዋ በጎኗ እየሄደች ነው።

"ፍሬን አትንካ!"

ነካሁ። በሙሉ እግሬ ረገጥኩት። ዞርን፤ ሰማዩን አየሁ፣ ሴቶቹን አየሁ፣ ገደሉን አየሁ፤ ከዚያ የኋላው ጎማ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ያለው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ገታን። ከበሩ ውጭ፣ ከታች በጣም ሩቅ፣ ውኃ ይሰማል። ለመዞር ፈራሁ። አንድ እጅ ከኋላ ትከሻዬን ያዘኝ።

"ደህና ነኝ" አለች ሚስቴ። "ደህና ነን።"

አማቴ ወርደው ታኮዎቹን ሁለቱ ጎማዎች ሥር ሲመቱ ይሰማኛል። በዚያ ድምፅ የተደሰትኩትን ያህል በሕይወቴ በምንም አልተደሰትኩም። ልጃቸውን ደግፈው አወረዷት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አሸርጠው እየሮጡ መጡ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ክንዷን ይዘው፣ መንገዱን ትተው፣ ሣሩ ላይ ባለው የእግር መንገድ ቀስ እያሉ ቁልቁል ወሰዷት። ሣር ላይ እግር ይይዛል። ወንዙ ላይ ያለው አሮጌ ድልድይ እግረኛ ያሻግራል፤ መኪና ግን በውኃው ውስጥ ነው የሚያልፈው። የቀሩት ሴቶች እኔንና አማቴን አግዘው፣ ታኮዎቹን ነቅለን ጆንያውን ጎማው ሥር አንጥፈን መኪናዋን ከጠርዙ አወጣናት።

"አባባ፣ እዚሁ ትተናት በእግር እንሂድ" አልኩ። 

"ማዶ ሆና ምጥ ቢይዛት በምን ትሄዳለች? በእኔ ጀርባ?"

ዞር ብዬ ቁልቁለቱን አየሁ። "እንግዲያው እርስዎ ከእሷ ጋር ይውረዱ። ብቻዬን አወርዳታለሁ።"

ይህን ጊዜ ተመለከቱኝ። ከተጋባን ጀምሮ በትክክል ፊቴን ያዩኝ ያን ቀን ይመስለኛል። "ብቻህን ከሆንክ ፍሬን ትረግጣለህ" አሉና ገብተው ከጎኔ ተቀመጡ። በሩንም ዘጉት።

እግሬን ከሁሉም ነገር አንስቼ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ በሁለት እጄ መሪውን ይዤ ወረድን። መስኮቱን አስከፈቱኝ። "ስማው። ጠጠሩ ሲንኳኳ ጎማው ይዟል። ዝም ካለ በረዶ ላይ ነህ፤ ያን ጊዜ ምንም አትሥራ" አሉ። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ መንገድ በዓይን የሚነዳ ነገር ይመስለኝ ነበር። ጠጠሩ ይንኳኳል፤ ከዚያ ዝም ይላል። በዝምታው ውስጥ መኪናዋ ወደ ገደሉ ስትንሳፈፍ ይታወቀኛል፤ እግሬ ፍሬኑን ይለምናል። "ተዋት። ተዋት። በሄደችበት መሪውን አስከትለው፤ አትታገላት" ይላሉ ከጎኔ። ድምፃቸው ዳቦ ቁረስልኝ የሚል ሰው ድምፅ ነው። ደግሞ ጠጠሩ ይንኳኳል። እኚህ ሰው ይህን ቁልቁለት በዚያ ሁሉ ክረምት፣ በዚያ ሁሉ ጭነት ወርደውታል። አጠገቤ ምን ዓይነት ሰው እንደተቀመጠ ገና ያን ጊዜ አወቅሁ፤ አፈርኩም፣ ተደነቅሁም።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ውኃው ደፍርሶ መጨመር ጀምሯል። "ነዳጅ አትቀንስ፣ አትጨምር" አሉኝ። ውኃው በበሩ ሥር ገብቶ እግሬን ነካኝ፤ ወጣን። ማዶ ላይ ሞተሩን አጠፋሁ። ከኋላችን የወንዙ ድምፅ እየወፈረ ሄደ።

እጄ ግን ከመሪው አልላቀቅ አለኝ። ልለቅ እፈልጋለሁ፤ ጣቶቼ እንቢ አሉ። አማቴ ይህን አይተው ጎንበስ አሉና ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ ከትንሿ ጀምረው አላቀቁልኝ። እጃቸው ሞቃት ነበር።

"አሁን ተሳለም" አሉኝ።

ወረዱና ታኮዎቹን አስገቡ። ከዚያ ያንን ቁልቁለት ሽቅብ እያዩ፣ አናቱ ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ዞረው፣ እምቢ በሚለው ጉልበታቸው በረዶው ላይ ሦስት ጊዜ ሰገዱ። ሚስቴን ደግፈው ድልድዩን የተሻገሩት ሁለቱ ሴቶች በዚያው ሰዓት ደረሱ። በዕድሜ የምትበልጠው አማቴን አስተውላ አየቻቸውና፣ "እኚህ የኤን ትሬው ሹፌር አይደሉም እንዴ! ልጅ ሆኜ ሁልጊዜ እዚህች ቦታ ላይ ታኮ አስገብተው ሲሳለሙ አያቸው ነበር" አለች።

እኔም ወረድኩ። ያልዘነጉትን ነገር ዘነጉት ብዬ ስናደድባቸው የኖርኩበትን ጊዜ ሁሉ አስታወስኩ። ሚስቴ እግሯ በረዶ እንደነካ መጥታ አጠገቤ ቆመች። አማተብኩ፤ እጄ ግንባሬን ስቶ ዓይኔን መታኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ የተሳለምኩት ሁሉ ለአማቴ እንጂ ለእግዚአብሔር አልነበረም።

ምጡ የመጣው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያን ወንዝ ባንሻገር ኖሮ ምን እንሆን እንደነበር አስብ ነበር። ልጁ አልዞረም፤ ሞጣ ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ተወለደች። ነርሷ ጠቅልላ ስታመጣት አማቴ ኮሪደሩ ላይ ከጎኔ ቆመው ነበር። እኔ በአንድ እጄ እንባዬን እየጠረግሁ ሌላውን እጄን ዘረጋሁ።

"በሁለት እጅህ" አሉኝ ቀስ ብለው።

በሁለት እጄ ተቀበልኳት።