ወይባና ጨረር

"ፊትሽን ምን ትቀቢያለሽ?" ብዬ ስጠይቅ "ምንም" የማትለኝ ሴት ደብረ ታቦር ውስጥ እስካሁን አልገጠመችኝም። ቦርሳዋ ውስጥ ግን የማቅሊያ ክሬሙ ፈሶ መሐረቧን አበላሽቶታል። "ይኼስ?" ስላት "እሱማ አልፎ አልፎ ነው" ትላለች። ፀሐይ ላይ ውለሽ ታውቂያለሽ ስላት "ኧረ የት አባቴ" ትለኛለች፣ አንገቷ ላይ የገብስ እብቅ እንደተጣበቀ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው፤ የሚደብቁትም እነሱው።

ዐረብ አገር አሥራ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን በሰው ቤት፣ ቀሪዎቹን አንድ የቆዳ ክሊኒክ ውስጥ ነው ያሳለፍኩት። መጀመሪያ ወለል ወለወልኩ፣ በኋላ ለደንበኞች ጄል ቀባሁ፣ በመጨረሻ ሠልጥኜ ማሽኑን ራሴ ያዝኩ። ስመለስ ሁለት ማሽን ይዤ መጥቼ አንድ ክፍል ተከራየሁ። አንደኛው ማሽን ብልጭ እያለ በብርሃን ጥቁር ምልክት ያደበዝዛል፤ ሁለተኛው በሬድዮ ሞገድ ቆዳን ከውስጥ አሙቆ የላላውን ያጠብቃል። ሰው ሁለቱንም ጨረር ነው የሚላቸው። አንዷ ወንዛዬ ፍል ውኃ ገብታ በነጋታው መጣችና "ሙቀቱን እዚያ ጀምሬዋለሁ፣ አንቺ ጨርሺው" አለችኝ። መብራት ደግሞ ግማሽ ፊት ከሠራሁ በኋላ ይጠፋል፤ ደንበኛዬ ተቀምጣ እኔ እንዳጠፋሁት ሁሉ ታፈጥብኛለች።

ብርሃኑ ሞኝ ነው። ጥቁር ነገር ይፈልጋል፣ ያገኘው ላይ ያርፋል። የብጉር ጠባሳ ይሁን፣ ቀለም ይሁን፣ ፀሐይ ያጠቆረው ቆዳ ይሁን አይለይም። የእኛ ቆዳ ላይ ጉልበቱን ዝቅ ካላደረጉት ያቃጥላል። እንደ መርማሪ ፖሊስ የምጠይቀው ለዚህ ነው፤ ሰው ግን ለወሬ የምጠይቀው ይመስለዋል።

ታናሽ እህቴ ስሄድ የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ነበረች። ስመለስ ለጥር የሠርግ ቀን የተቆረጠላት እጮኛ ሆና ጠበቀችኝ። ያላሳደግኋት እህቴ ናት፤ እንደ እንግዳ ታፍረኝ ነበር፣ ይኼም ያበሳጨኝ ነበር። ጉንጮቿ ላይ ብጉር የተወው ጥቁር ጥቁር ነጥብ ነበረባት። ለሠርግሽ ምን ላድርግልሽ ብዬ አልጠየቅኋትም፣ ፊትሽን የምሠራው እኔ ነኝ አልኳት። በገዛ እጄ የሆነ ነገር ላደርግላት ፈለግሁ። ደግሞም አልዋሽም፣ በሠርጉ ቀን ሰው አይቷት "ማን ሠራት?" እንዲል ፈለግሁ። ሥራውን ከጀመርኩ ገና አራት ወር ብቻ ነበር፤ እንጀራዬም ስሜም እዚያ ጉንጭ ላይ ነበር።

በታኅሣሥ መጀመሪያ አንድ ዙር ሠራኋት። ከጆሮዋ ሥር ሞከርኩ፣ ጉልበቱን ዝቅ አደረግሁ፣ ምንም አልሆነችም። በሦስተኛው ሳምንት እናታችን ካለችበት ከጉና ተራራ ሥር ተመልሳ መጣች። ፊቷን ሳየው ለስልሷል፣ ወርቅማ ወዝ ይዟል፣ ነጥቦቹም የጠፉ መሰለኝ። ሠራልኝ አልኩ። ፎቶ አነሣኋት፣ ተራ ይዛ ለተቀመጠች ደንበኛም አሳየሁ። ጢስ ጢስ ትሸት ነበር፤ የእናቴ ምድጃ ነው ብዬ ደስ አለኝ እንጂ ሌላ አላሰብኩም። ክሬም ተቀብተሻል? አልተቀባሁም። መድኃኒት ወስደሻል? አልወሰድኩም። ፀሐይስ? "ኧረ እማ ከቤት አላስወጣችኝም፣ እታለም።" ከደንበኞቼ ሁሉ የማትዋሸኝ አንድ ሰው አገኘሁ ብዬ ተመስገን አልኩ።

የመጀመሪያው ይኼን ካመጣ ትንሽ ብጨምር ምን ሊያወጣ ነው ብዬ ጉልበቱን አንድ እርከን ከፍ አደረግሁ። መነጽሩን አጠለቅሁላት፣ ጄል ቀባሁ፣ በየጉንጯ ሁለት ሁለቴ ብልጭ አደረግሁ። "ያቃጥላል እኮ" አለች። "ይለበልባል፣ ቻይው፣ ሙሽራ አይደለሽ" አልኳት። ሌላ ሴት ብትሆን አቆም ነበር።

እህቴ በዚያው ዕለት ወደ እናቴ ቤት ተመለሰች። በማግሥቱ እናቴ ደውላ "ነይ ጉድሽን እዪ" አለችኝ። ሄድኩ። በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ብርሃኑ የሚወጣበትን የማሽኑን መስኮት የሚያህሉ አራት ማዕዘን ቁስሎች ሁለት ሁለት ሆነው ቀልተው አብጠዋል። የማቀዝቀዝበትን ጨርቅ ውኃ ላስነካ ወደ ጓሮ ስወጣ ጉድጓዱን አየሁት። አመዱ ትኩስ ነው፣ ጎኑ ላይ የወይባ እንጨት ተቆልሏል።

"ይኼ ምንድነው እማ?"

"ወይባ ነዋ። ልጄ ሙሽራ አይደለችም እንዴ?"

ወይባ አዲስ ነገሬ አይደለም። እንጨቱ ጉድጓድ ውስጥ ይጤሳል፤ ሴቲቱ ቅቤ ተቀብታ፣ ወፍራም ነገር ተከናንባ ጢሱ ላይ ትቀመጣለች። ቆዳዋ ቢጫ ይሆናል፣ ሰንብቶ ሲላጥ ከሥሩ የሕፃን ገላ የመሰለ ይወጣል። የአካባቢው ሙሽራ ሁሉ እናቴ ጓሮ ነው የምትታጠነው፤ እናቴ የምትከበርበት አንዱ ነገር እሱ ነው። ለገዛ ልጇ ደግሞ እንጨቱን ከእብናት ገበያ አስመጥታ፣ ጾም ነው ብላ በቅቤ ፋንታ የኑግ ዘይት ቀብታ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አጥናታለች።

"ፊትም ይታጠናል እንዴ?" አልኳት።

"ፊቷን የምትሠሪው አንቺ ነሽ ስትሉኝ፣ እኔም ላግዝሽ ብዬ አስገባሁት።"

ወደ እህቴ ዞርኩ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ወይባ ገብተሻል ወይ መቼ አልሽኝ?" አለች።

የምጠይቃቸውን ጥያቄዎች ከዐረቡ ክሊኒክ ነው እንዳሉ የገለበጥኳቸው፤ እዚያ ወይባ የለም። እኔ ግን የወይባ ቤት ልጅ ነኝ። ሽታውን ምድጃ ነው አልኩ፣ ጢሱ የተወውን፣ ብርሃኑ ሄዶ የሚያርፍበትን ቀለም ጨረሬ ነው አልኩ፣ ከዚያም በእናቴ ሥራ ኮርቼ ፎቶ አነሣሁበት። ያን ጊዜ በማን እንደምናደድ አላውቅም ነበርና በሁሉም ተናደድኩ።

ሠርጉ እስኪደርስ ከእናቴ ጋር ስንነታረክ ከረምን። እሷ "የቤታችን ወይባ ስንቱን ሙሽራ አሳመረ፣ ያቃጠላት ያንቺ ጨረር ነው" ትላለች። እኔ "ጨረሩ ያለ ወይባው ምን አደረጋት?" እላለሁ። እህቴ ቅባቴን ተቀብታ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። አንድ ቀን ብቻ "ሁለታችሁም ተዉኝ" አለች። ሠርጉን ማራዘም አይሆንም፤ ጠላው ተጠንስሷል፣ በሬው ተገዝቷል፣ ከፊት ደግሞ ጾም አለ።

ቁስሉ ደረቀ፣ ግን ጠቆረ። በሠርጉ ጠዋት ያለኝን ሜካፕ ሁሉ ደረብኩበት። ለመንገድ ያህል ቻለ እንጂ አማቷ ቤት ስንደርስ ላብ አወጣው። አማትየዋ አንደበታቸው የሚፈራ ሴት ናቸው፤ ከደንበኞቼም ብዙዎቹ የእሳቸው ዘመዶች ናቸው። ቬሎውን ገለጥ አድርገው አዩዋት።

"ምነው ልጄን? ምን ነካት?" አሉ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። "ያ ጨረር የምትሉት ነው?"

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

"እኔ ነኝ፣ እመቤቴን። ወይባ አብዝቼባት ነው። ፊቷንም ከጢሱ አስገባሁት። እርጅና ነው፣ ይቅር በሉኝ።"

በዚያ ሁሉ ቀን አንድ ጊዜ እንኳ እኔ ነኝ ብላኝ አታውቅም። እህቴ ቀና ብላ እኔን አየች፤ የምናገረውን እየጠበቀች ነበር። "ጨረሩም አለበት" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ጎንበስ ብዬ የቬሎዋን ጫፍ አስተካከልኩ። ጢስ አራት ማዕዘን አያወጣም፤ ልብ ብሎ ላየ ሰው ግልጽ ነው። አማትየዋ ግን "አይ የእናት ነገር" ብለው ሙሽራዋን አስገቧት።

ጥቁረቱ ለፋሲካ ደበዘዘ፣ በክረምቱ ጠፋ። እህቴ አልወቀሰችኝም። እናቴ ቤት የምትመጣው እኔ በሌለሁበት ቀን ነው። በዚህ ዓመት ጥር እናቴ ጓሮ ለወይባ የመጣ ሙሽራ አልነበረም፤ "የልጇን ፊት ያቃጠለች" ተብሎ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ገበያ ገብቷል። ሙሽሮቹ እኔ ጋ ነው የሚመጡት።

አሁን የመጀመሪያው ጥያቄዬ ወይባ ነው። ትናንት የመጣችውንም "ወይባ ገብተሻል?" አልኳት።

"ወይባማ ያችን ሙሽራ ያቃጠላት አይደል እንዴ፣ ማን ይጠጋዋል?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት፣ መነጽሩንም አጠለቅሁላት።