ጉም ውስጥ ያለው ፍል ውኃ

ቡዳፔስት ሄደሽ የዋና ልብስ ትገዣለሽ ያለኝ ሰው ቢኖር እስቅበት ነበር። ጎንደር ውስጥ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ወደዚያ የላኩኝ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ነው። እሑድ ትምህርት ስላልነበረ ካረፍኩበት ወጥቼ የዳኑብን ዳር ይዤ ሄድኩ። ጉሙ ወንዙ ላይ ተኝቷል። ድልድይ ላይ ወጥቼ መሀሉ ስደርስ የመጣሁበትም የምሄድበትም ዳርቻ ጠፋኝ፤ ውኃው ከሥሬ ሲሄድ ይሰማኛል እንጂ አይታየኝም። ብርዱ ባይነዳኝ እዚያው ቆሜ እውል ነበር።

ከማዶ ፍል ውኃ ቤት አገኘሁ፤ ለሙቀቱ ስል ገባሁ። የዋና ልብሱን በሩ ላይ ገዝቼ፣ በፎጣ ተጠቅልዬ እስከ ገንዳው ጠርዝ ደረስኩ። ገንዳው ጣራ የለውም። በረዶ ከላይ ይወርዳል፣ እንፋሎት ከታች ይወጣል፤ በመሀሉ የሰው ራስ ብቻ ብቅ ይልና ይጠፋል። ጠበል የምገባ ይመስል አማትቤ ገባሁ።

ሳማትብ ያዩኝ አንዲት አሮጊት ቀረቡኝ። ጉልበታቸውን እያሳዩ በቋንቋቸው ብዙ አወሩኝ። አንድም ቃል አልገባኝም። እኔም በአማርኛ፣

«የእናቴም ጉልበት እንዲሁ ነው» አልኳቸው። «ዋንዛዬ ፍል ውኃ ውሰጂኝ ብላ ለመነችኝ። ሥራ አለብኝ አልኳት። ሥራ አልነበረብኝም፤ ታክቶኝ ነው።»

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሮጊቷ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ እጄን ይዘው ትኩሱ ውኃ ከግድግዳው ወደሚወርድበት ወሰዱኝና ትከሻዬን ከሥሩ አደረጉልኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ምን ያህል እንደቆየን እንጃ፤ ስገልጥ እሳቸው እንፋሎቱ ውስጥ ገብተዋል።

ከሰዓት በኋላ ለእናቴ ደውዬ አጫወትኳት።

«በማን ስም ነው ጠበሉ?» አለችኝ።

«ጠበል አይደለም፣ እማዬ። እንዲያው ፍል ውኃ ነው።»

«ታዲያ ምነው አማተብሽ?»

«ስመለስ ዋንዛዬ እንሄዳለን» አልኳት።

«ሥራሽስ?»

«ፈቃድ እወስዳለሁ።»

ሄድን። ሰባት ቀን ተቀመጥን፤ ጠዋት ጠዋት ደግፌ አስገባታለሁ፣ ውኃው ሲያቃጥላት እየሳቀች ትቆነጥጠኛለች። ጉልበቷ ፈጽሞ አልዳነም። ጎረቤት ሲጠይቃት ግን «ሸጋ ነኝ፤ ልጄ ወስዳኝ» ትላለች። እኔም አጠገቧ ሆኜ ጉልበቷን እያሸሁ እሰማለሁ።