ሳይሞት እንውጣ

አሜሪካ፣ ማርልቦሮ ከተማ፣ ልጄ ቤት ሳሎን ውስጥ ነን። ልጄ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፣ ባሏ በሩ አጠገብ ጫማውን ያስራል፣ እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜያለሁ። በቅርቡ ያረፈውን የዚያን ዝነኛ እንግሊዛዊ ተዋናይ ታሪክ፣ ከወጣትነቱ እስከ ሽበቱ ከሠራቸው ፊልሞች ጋር እያሳዩ ነው።

“ማሚ፣ ሪላክስ አድርጊ፤ ቁጭ በይ እንጂ።”

አልተቀመጥኩም። የወጣትነት ፊቱን ሳይ፣ የአዲስ አበባው ሲኒማ ቤት የቆዳ ወንበር ሽታ መጣብኝ። አክስቴ ባሏ ሞቶባት ከል እንደለበሰች፣ ሰው እንዳያያት መብራቱ ሲጠፋ ይዛኝ ትገባ ነበር። የምታየው የዚህን ተዋናይ ፊልም ብቻ ነው። ሲቆስል ወይም ሲታመም ግን በላብ በራሰ መዳፏ እጄን ትይዘኛለች።

“ተነሽ፣ ሳይሞት እንውጣ። እኔ አንድ ሞት ይበቃኛል።”

ትኬት ቆራጩ በር ላይ ይስቅባታል።

“እትዬ፣ ዛሬም ሳይጨርሱ?”

“ሞቱን ላንተ ትቼልሃለሁ!”

አሁን ቴሌቪዥኑ ላይ ተዋናዩ አርጅቶ በከዘራ ይሄዳል። ባለቤቴም መጨረሻ ላይ እንዲሁ ነበር የሚሄደው። የዘንድሮው በረዶ ሳይቀልጥ ነው የቀበርነው።

“ማሚ፣ ወዴት ነው? ሊያልቅ እኮ ነው” አለች ልጄ።

ካፖርቴን ለበስኩ። አማቼ ከበሩ ዞር አለልኝና ወጣሁ።