ያልተሻረችው ሳንቲም

ሽማግሌው ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ እንደ ሙሽራ አጊጠው ወደ ባንኩ መስኮት ቀረቡ። አንዲት አሮጌ የብር ሳንቲም አውጥተው፣ የተቀረጸችባት ወፍ ቀና እንድትል አዙረው አስቀመጧት።

«የኔ ልጅ፣ ይቺ አሁንም ትሠራለች?»

ገንዘብ ከፋይዋ እንዲህ ያለ ሳንቲም አይታ ስለማታውቅ አለቃዋን ልትጠይቅ ሄደች። ስትመለስ ሽማግሌው የባርኔጣቸውን ጠርዝ እያሹ፣ የፈተና ውጤት የሚጠብቅ ተማሪ መስለው አገኘቻቸው።

«በሕግ አልተሻረችም አባባ፤ በላይዋ በተጻፈው ዋጋ እንቀበላለን። ግን ምን በወጣዎት? አንጥረኛ ዘንድ ቢወስዷት ብዙ እጥፍ ታወጣለች።»

«አንጥረኛማ ያቀልጣታል። እኔ የጠየቅሁሽ ትሠራለች ወይ ነው።»

«ትሠራለች።»

ግንባራቸው ፈታ አለ። የመቅረጫ ጠባሳ በሞላው አውራ ጣታቸው የወፏን ክንፍ ዳበሱ።

«እዚህ ጋ ትንሽ ቸኩዬ ነበር» አሉ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል።

ገንዘብ ከፋይዋ ጣታቸውንና ክንፉን አፈራርቃ አየች።

«ታዲያ… በደብተርዎ ላስገባልዎ?»

«የለም፣ ማዶ ካለው ሱቅ ሳሙና እገዛባታለሁ። የሚያምርባት ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ነው።» ባርኔጣቸውን ደፉ። «እኔን ጡረታ ሲያወጡኝ እሷን ረስተዋታል ማለት ነው።»