ሽፋኑ ላይ ያለችው ቢራቢሮ

ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። እማዬ የምታሳድገኝ የአልጋ ልብስና የትራስ ጨርቅ እየጠለፈች ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ዓይኗ ደከመ። "ሥዕሉ ሰፋ ያለ የቢራቢሮ መጽሐፍ ብቻ አምጪልኝ፤ እሱን እያየሁ እጠልፋለሁ" ብላ ኮልፌ ገበያ ላከችኝ።

እኔ ከሰው ጋር ማውራት አይሆንልኝም። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ሽማግሌ ሁለት የቢራቢሮ መጻሕፍት ሲያቀርቡልኝ፣ ትልልቅ ሥዕል ወዳለው በጣቴ አመለከትኩ።

"እሱ እኮ የሕፃን ነው፣ የኔ ልጅ! ይሄኛው የእያንዳንዷን ስም፣ የምትኖርበትን አገር ሳይቀር ይነግርሻል።"

"ሥዕሉ አነሰብኝ፣ ጋሼ።"

"በዚህ ዕድሜሽ? እኔ ሽማግሌው እንኳ ያለ መነጽር አየዋለሁ!"

አጠገባችን የቆሙት ሳቁ። የእማዬን ዓይን ነገር እዚያ መሃል መናገር አቃተኝና እንባዬ መጣ። ሽማግሌው ደነገጡ። የመረጥኩትን አንስተው፣ እንደ ተማሪ መጽሐፍ በጋዜጣ ለበጡልኝ።

"እንዳይቆሽሽብሽ ነው" አሉኝ ቀስ ብለው።

ቤት ስደርስ መጽሐፉን እማዬ ጭን ላይ አስቀመጥኩላት።

"ሽፋኑ ላይ ክንፏን የዘረጋች ትልቅ ቢጫ ቢራቢሮ አለች። ትታይሻለች?"

መጽሐፉን ወደ ፊቷ አስጠግታ ቆየች። ከዚያ በጣቷ እየዳሰሰች ፈገግ አለች።

"እንዴት አትታየኝም! ክንፏ ሲያምር! ነገ ከእሷ ነው የምጀምረው።"

ደስ ብሎኝ ጎንበስ አልኩ። ለካ ጣቷ የሚሄደው ሽማግሌው በለበጡት ጋዜጣ ላይ ነበር።