ሦስቴ እልል

ዳንግላ ወህኒ ያስገቡኝ ዝናብ ያበሰበሰውን ጋቢዬን እንደለበስኩ ነው። ክፍሏ ለስድስት ሰው ብትበቃ ነው፤ እኛ አሥራ ዘጠኝ ነበርን። ወለሉ ጭቃ ነው፤ ጥግ ላይ የተቀመጠው የሽንት ጣሳ ዓይን ያቃጥላል። አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ና ልጄ፣ እዚህ ጋ ጣራው አያፈስም» አሉኝ። የለቀቁልኝ የራሳቸውን ቦታ ነበር።

ጥፋቴ ለግብር መሬት ሊለኩ የመጡትን የመንግሥት ሰዎች ገመድ በማሳዬ አላስዘረጋም ማለቴ ነው። የወህኒው መቶ አለቃ ግን የሚፈልገው ሕዝቡን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰብስበው መሬት እንዳያስለካ የመከሩትን ሰዎች ስም ነው። «ስማቸውን ጥራ፣ አሻራህን አኑር፣ ዛሬውኑ ወደ ሚስትህ ትሄዳለህ» ይለኛል።

ሚስቴ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለው ቤታችን ናት፤ ወሯ ገብቷል። ከዚያ በፊት ሁለት ልጅ ቀብረናል፤ በሁለተኛው እሷም ለጥቂት ነው የተረፈች። ጠያቂ ስለከለከሉኝ ትኑር ትሙት የሚነግረኝ የለም። በሦስተኛው ሳምንት አቃተኝ። አልዋሽም፣ «ነገ እናገራለሁ» ብዬ ለመቶ አለቃው ቃል ገባሁ።

በነጋታው እስኪጠሩኝ ስጠብቅ ከአጥሩ ውጭ፣ በገበያው መንገድ በኩል እልልታ ተሰማ። እልልታ መቼስ ታቦት ሲወጣም፣ ሙሽራ ሲገባም አለ። ይኼን ግን አወቅሁት። የአማቴ ነው! መጨረሻው ላይ ድምፃቸው ይሰበራል፤ በሠርጌ ቀን ሚዜዎቼ ስቀውበታል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አሉ። ከዚያ ዘበኛው «ዞር በይ አንቺ!» ብሎ ሲጮህ ሰማንና ጸጥ አለ።

በእኛ አገር ልጅ ሲወለድ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልል ይባላል። «ሦስት ነው፤ ሴት ናት» አለ አንዱ እስረኛ። «ኧረ ተው! ዘበኛው አቋረጣቸው እንጂ ሰባት ሊሉ ነበር» አለ ሌላው። ሊጣሉ ደረሱ።

«እናቲቱስ?» አልኳቸው ሽማግሌውን።

«አንተ ቂል!» ብለው በአገውኛ ተቆጡኝ። «ልጇ የሞተችባት እናት ተነሥታ እልል ትላለች እንዴ? እንኳን ማርያም ማረችልህ!»

ሁሉም ተቀበሏቸው። ወንድ እልል አይልም፤ «እሰይ! እሰይ!» እያሉ የቆርቆሮውን በር ደበደቡት። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። አላፈርኩም።

ወዲያው ተጠራሁ። መቶ አለቃው ወረቀቱን ዘርግቶ ይጠብቃል። «እህስ፣ እነማን ናቸው?»

«ልጅ ተወልዶልኛል፤ እንኳን ደስ ያለህ ይበሉኝ» አልኩት። «ሌላ የምናገረው የለኝም።»

በጥፊ አጮለኝ። አላመመኝም ብል ውሸት ነው። አምስት ወር ጨመሩልኝ።

ተፈትቼ ቤቴ ስደርስ አማቴ ሴት ልጄን ታቅፈው ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው። ሚስቴ ከኋላቸው ቆማ ታለቅሳለች። ጉልበታቸውን ስሜ፣ «እማማ፣ ሦስቴ ብለው ጨርሰው ነው ወይስ ዘበኛው አቋርጦዎት?» አልኳቸው።

«ሰባት ልል ነበር እንጂ!» አሉ ቆጣ ብለው። «ለሴት ሦስት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን እናትም ልጅም ተርፈውልኝ ሦስት ብቻ? ያ የማይረባ አስቀረብኝ።» ልጂቱን አስታቀፉኝ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ የቀሩትን አራቱን እዚያው ደጃፍ ላይ አቀለጡት። ጎረቤቱ ሁሉ ሮጦ ወጣ።

ዛሬ ልጄ ራሷ አያት ሆናለች። ሰዎች «ያኔ አልተናገርክም፤ ጀግና ነህ» ይሉኛል። ኧረ እኔ! እልልታው አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ ሁሉንም ዘክዝኬ ነበር። አንዲት አሮጊት መንገድ አድረው፣ በእግራቸው ዳንግላ ድረስ መጥተው አደረሱልኝ። ነፍሳቸውን ይማር፤ እኔን ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው።